የእናቴ ቅቤ ወደ አስመራ

«ከላይ ይጫናል አልኩህ።»

«ከላይ ከተጫነ ቆቦ ሲደርስ ዘይት ይሆናል።»

«ዘይት ከሆነማ ለጾም ይስማማል» አለ ረዳቱ፣ የአውቶቡሱን መሰላል በአንድ እጁ እንደያዘ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የቅቤውን ቅል እንደ ሕፃን በሁለት እጄ ታቅፌ የደሴ መናኸሪያ መሐል ቆሜያለሁ። እናቴ ከኋላዬ በክርኗ ትጎሽመኛለች። ረዳቱ ከእኔ በፊት አንድ የሽቦ አልጋና ሁለት ፍየል ከባለቤቶቻቸው ጋር ተከራክሮ ጣሪያ ላይ ያወጣ ሰው ነው፤ ለአንድ ቅል የሚረታ አይመስልም።

«ቅቤው ለአራስ ነው» አለች እናቴ በመጨረሻ። ለረዳቱ ሳይሆን ለጦሳ ተራራ የምትናገር ትመስል ነበር።

የሰሙት ሾፌሩ ናቸው። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ የአስመራ ሰው ነበሩ። በመስኮት ብቅ አሉና «ንሓራስ ድዩ?» አሉ በቋንቋቸው፤ ወዲያው ወደ አማርኛ መለሱት፦ «ለሓራስ ከሆነ ወዲህ አምጣው። በሓራስ አይቀለድም።» ቅሉን ተቀብለው ከመቀመጫቸው ኋላ አስቀመጡና እንዳይንከባለል የገዛ ካፖርታቸውን ዙሪያውን ጎሰጎሱበት። ረዳቱ በአጠገቤ ሲያልፍ «አንተ ነበርክ ከላይ መጫን ያለብህ» አለኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ስለ አስመራ ይጠይቀኛል። ባሕሩን አየህ ወይ ይለኛል። ባሕር አላየሁም። ያየሁትን ልጻፍ።

እህቴ የሺ መምህር አግብታ አስመራ ከገባች ቆይታለች። ባሏ ጋሼ መኰንን እዚያ አማርኛ ያስተምራል። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በዐቢይ ጾም መሐል ነበር። በወጉ ሴት ልጅ ስትወልድ ከጎኗ የምትገኘው እናት ናት፤ የእኔ እናት ግን እግሯ አብጦ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሳለመው በምርኩዝ ነው። ስለዚህ በእሷ ፋንታ ቅቤዋ ሄደ፤ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ፣ በደረቅ ቅል የታሸገ። እኔ የተላክሁት ቅቤ ብቻውን ስለማይሄድ ነው።

የእኔን ነገር በአጭሩ ልናገር። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር እያነበብኩ፣ ገጣሚ ነኝ ብዬ ራሴን የሾምኩ ሰው ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ያም ሆኖ ከወልድያ አልፌ አላውቅም ነበር። አስመራ ለባሕር ትቀርባለች ስለተባልኩ እንደ በረሃ የምታቃጥል መስሎኝ ካፖርቴን ለወንድሜ ትቼ ተነሣሁ። አውቶቡሱ ሐይቅን ሳያልፍ ለእህቴ የማሰማትን ስንኝ በቃሌ ጨርሼ ነበር፦

ጦሳ ደመና ነው፣ ገጀረት ግን ፀሐይ፤
እህቴ ያለሽበት ይሞቃል አይደል ወይ።

ገጀረት የምትኖርበት ሰፈር ነው። ስሙን እንጂ አየሩን አላውቀውም።

ቆቦ ሜዳ ስንገባ ፀሐዩ በመስኮት ሳይሆን በጣሪያው በኩል የሚገባ ይመስል ነበር። ቅቤው ቀለጠ። አንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል ደግሞ ቅሉ ተሰነጠቀ። ይህን መጀመሪያ ያወቁት ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡት መነኩሴ ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቢጫ ነገር እየሰፋ ሄደ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በዐቢይ ጾም መነኩሴ ላይ ቅቤ ያፈሰሰ ሰው እንዴት አድርጎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ማንም አላስተማረኝም።

መነኩሴው ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። «ኮሰረት አለበት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አይዞህ ልጄ፣ እኔ አልገደፍኩም፤ ጋቢዬ ነው የገደፈው።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን ቅሉን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ያዙት። ልቀበልዎት ብል እምቢ አሉ። «ገጣሚ ነኝ አላልክም? ተራራውን እይ» አሉኝ። የአላማጣን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ ገደሉን አየሁ፣ ከበታቻችን የሚበሩትን አሞራዎች አየሁ፤ ልቤ ግን ከመነኩሴው አውራ ጣት ጋር ነበር። ማይጨው ስንደርስ ጣታቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራ ነበር።

ያደርነው እትዬ ጽጌ የሚባሉ ሴት አልጋ ቤት ነው። አልጋቸው ከደሴው ይጠባል፣ ብርድ ልብሳቸው ግን ይከብዳል። እራት ሽሮ ቀረበ። የእኛ ሽሮ ቀጠን ብሎ እንጀራውን ያርሳል፤ የእሳቸው በጣት ተቆርጦ የሚነሣ ነበር። «ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ግድግዳ» ብዬ ብቀልድ «ግድግዳ ቢሆን ቤቴ ባላፈሰሰ» ብለው መለሱልኝ። ቅሉን ሲያዩ ብድግ አሉ። ከጓዳ ሰም አምጥተው በእሳት አለዘቡና ስንጥቁን በክርና በሰም ዘጉት፤ የፈሰሰውንም ያህል ከራሳቸው ቅቤ ሞሉበት። ጠዋት የአልጋውን እንጂ የሌላውን ሒሳብ አልቀበልም አሉ። «የቀረው የአራሷ ነው። ስትወልድ፣ ከማይጨው አንዲት ሴት እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላለች በልልኝ።»

ማክሰኞ

መቀሌ ቀትር ላይ ደረስን፤ ምሳ በልተን ወዲያው ተነሣን። ስለ መቀሌ የማስታውሰው ነጭ ድንጋዩን ነው። ደሴ ላይ ቤት ከጭቃና ከቆርቆሮ ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አይሰማማም። እዚያ ግን ድሃውም በድንጋይ ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

አዲግራት ስንገባ ብርዱ ተቀበለን። እኔ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቅቤው ደስ ብሎት ረጋ። መነኩሴው ወደ ገዳማቸው የሚሄዱት ከዚያ ስለነበር ሻንጣ የሌለው ሰው እንደሚሰናበት በአንድ ቃል ተሰናበቱን። ከዚያ ተመልሰው መጡና ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። አይሆንም አልኩ። «በአንተ ቅቤ ገድፏል፤ ገዳም ይዤው ብገባ አባቶች ምን ይሉኛል? ከእንግዲህ ያንተ ነው።» ሌላ ጋቢ እንዳላቸው አላውቅም። ዞር ብዬ ሳያቸው በነጠላ ብቻ ሆነው ዳገቱን ይወጡ ነበር።

ረቡዕ

ከሰንዓፈ ወዲያ ኬላ ላይ ቆምን። ወታደሮች ወጡ፤ የአውቶቡሱ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። አንዱ ወታደር ቅሉን በጣቱ መታ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅቤ ነው። ለአራስ።»

ክዳኑን አንሥቶ አሸተተ። እድሜው ከእኔ አይበልጥም። «ማን አነጠረው?»

«እናቴ።»

ቅሉን ወዲያው አልመለሰልኝም። ትንሽ ይዞት ቆመ። ከዚያ ክዳኑን በጥንቃቄ ገጠመና በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ሌላ ሰው ሳይፈትሽ ወረደ። ከተነሣን በኋላም ተሳፋሪው ከእኔ ጋር አላወራም። እስከ ሰንዓፈ ሲቀልዱብኝ የነበሩት ሰዎች ከወታደሩ ጋር በአንድ ቋንቋ ሳወራ ሰምተውኛል። ዝምታውን የሰበሩት ሾፌሩ ናቸው። በመስታወታቸው አዩኝና የደሴ ልጅ ለማለት «ወዲ ደሴ፣ ቅቤህ ደኅና ነው?» አሉ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላውም። ደቀምሐረ ስንደርስ ብርቱካን አካፈሉኝ።

አስመራ የገባነው ወደ ማታ ገደማ ነው። ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ስንኜ ውሸት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ መንገድ ላይ ወንዱም ሴቱም ጫማውን አስወልውሎ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ወዴት ነው የሚሄዱት ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁ። «የትም። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ» አሉኝ። ደሴ ላይ የትም ሳይሄድ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ሲያዩ ዕብድ ነው ይላሉ፤ እኔንም ብለውኛል። እዚህ አገር ሙሉ እንደ እኔ ነው።

እህቴ የምትኖረው ገጀረት፣ ባዶ ከቆመ የጣሊያን ቪላ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስንኙን አሰማኋት።

«ውሸታም» አለችኝ። «እዚህ እንኳን ልሞቅ ልብሴም አይደርቅልኝ።» ከዚያ ቅሉን ታቅፋ አለቀሰች።

ከእህቴ ጋር አጥር የሚጋሩት አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ሴትዮ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ያዋለዱ፣ ሁሉም አደይ፣ እናቴ፣ የሚላቸው። «እንቋዕ ብደሓን መጻእካ ወደይ» እያሉ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፤ እንኳን ደኅና መጣህ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጃቸው ወልዱ መኪና ይጠግናል። እሱ በአማርኛ ሰላም ስለው ራሱን ነቅንቆ አለፈኝ። እህቴ «አትቀየመው፤ አማርኛ እንደሚያውቅ እኔም በሌላ ሰው ነው የሰማሁት» አለችኝ።

ቅቤውን በተመለከተ ጋሼ መኰንን የዲያቆን ልጅ ነው። ቅሉን ተቀበለ፣ እናቴን መረቀ፣ ከዚያም ወንበር ላይ ወጥቶ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። «ለፋሲካ ይደርሳል» አለ።

«አራስ አይጾምም» አለች እህቴ።

«መጀመሪያ አራስ ሁኚ።»

አደይ ለተብርሃን በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። ቀና ብለው ቁም ሣጥኑን አዩ።

ዓርብ

ምጡ የመጣው ጋሼ ትምህርት ቤት ሳለ ጠዋት ነው። እኔን ከቤት አስወጡኝ። ከቪላው ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ስንኝ እንኳ አልመጣልኝ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። እልልታው ተሰማ። ከእልልታው ቁጥር ማነስ ሴት ልጅ መሆኗን አወቅሁ። ቀጥሎ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፦ ሽታ። ኮሰረት። በሩ ገርበብ ሲል እህቴ ትራስ ተደግፋ ስትጎርስ፣ አደይ ለተብርሃን ሳሕኑን ይዘው አየሁ። እዚያ አገር የወለደች ሴት አፏን የምትፈታው ከነእልልታው በሚቀርብ ጋዓት ነው፤ እኛ ገንፎ የምንለው። ጋሼ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ሲገባ ሳሕኑ በነጠላ ተሸፈነ፣ እህቴ አፏን ጠረገች። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። የእናቴ ቅቤ ደርሷል።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። አደይ ለተብርሃን እንግዴ ልጁን ደግመው ሲያዩት ሙሉ አልነበረም። አንሶላውን ገለጡ፤ ደሙ ከፍራሹ አልፎ መሬቱን ነክቷል። በትግርኛ ጮክ ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ወልዱ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሊጠግናት የያዛትን የሰው መኪና አስነሥቶ በሩ ላይ አቆመ። ሕፃኗን አንዲት ጎረቤት ያዘች። እህቴን በመነኩሴው ጋቢ ጠቅልለን አስገባናት። እጇን ስይዘው ከምንጭ የወጣ ድንጋይ ይመስል ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሰን ያየሁትን ሁሉ አላስታውስም። የአልጋዋን እግርጌ ከፍ አደረጉት። ሁለቱም ክንዷ ላይ መርፌ ገባ። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ሆዷን በሁለት እጁ ይጭን ነበር። የቀረውን እንግዴ ልጅ በእጁ ገብቶ ማውጣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መተኛት አለባት። የሚያስተኟት ሰው አቶ ዑቅባይ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ። ኮሪደሩ ላይ ወደ ቆምነው መጡ።

«ምን በላች? መቼ?»

«ጾመኛ ናት» አለ ጋሼ መኰንን። «ዛሬ ዓርብ ነው። ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።»

«ጋሼ፣ በልታለች» አልኩ።

«ምን አውቀህ?»

«አይቻለሁ። የእናቴ ቅቤ ነው፣ ሸቶኛል።»

ጋሼ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ ወደ አቶ ዑቅባይ ዞረ። «ልጁ ገጣሚ ነው» አለ። «የሌለ ነገር ይታየዋል። ሚስቴን እኔ አውቃታለሁ፤ በዓርብ ቅቤ አትነካም።»

«ጋሼ፣ ሳሕኑን ነው የምልህ፣ በነጠላ የተሸፈነውን—»

«አንተ ዝም በል። እዚህ ሰው ፊት እህትህን አታዋርድ።»

አቶ ዑቅባይ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። የሚጠብቁበት ጊዜ እንዳልነበራቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አደይ ለተብርሃን ግድግዳውን ተደግፈው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። «ጋዓት አብልቻታለሁ ወደይ። ሙሉ ሳሕን። በቅቤ። ጨርሳዋለች።» ወደ ጋሼ ግን አላዩም።

ጋሼ አፉን ከፈተ። አቶ ዑቅባይ ቀደሙት። የአሮጊቷን እጅ ያዙና «አደይ፣ ደግ አደረጉ ነገሩኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጾሙ አይደለም፣ ስለ ሆዷ ነው። አሁን እንዴት እንደማስተኛት ዐወቅሁ» አሉ። ተመልሰው ሲገቡ ግን አልቸኮሉም። ሐኪሙ ቶሎ እንጀምር ሲል «መጀመሪያ ደም ይግባላት፤ እንዲህ ባዶ ሆና ካስተኛኋት አትነሣም» ማለታቸውን አንዲት ነርስ ተርጉማ ነገረችን።

ደም የሚሰጥ ሰው ተፈለገ። የጋሼ አልገጠመም። የእኔ ገጠመ። አንድ ሰው ብቻ አይበቃም ተባለ። ወልዱ የመኪናውን ቁልፍ ለእናቱ ሰጥቶ የሥራ ልብሱን እጅጌ ሰበሰበ። ጎን ለጎን ተኛን። የሱ ክንድ እስከ ክርኑ የሞተር ዘይት ነበረበት፤ ነርሷ ስትጠርገው ብዙ ጥጥ ጨረሰች። ስንነሣ እሱን በቋንቋው ማመስገን ፈልጌ ከአውቶቡስ የለቀምኳትን ቃል አወጣሁ፦ «የቐንየለይ።»

«ምንም አይደል» አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ። «ጎረቤት ናት።»

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው። ጋሼ አግዳሚው አንድ ጫፍ ላይ፣ አደይ ለተብርሃን ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ዑቅባይ ብቅ ያሉት ልብሳቸው በላብ ተጣብቆባቸው ነው። ደሙ ቆሟል አሉ። ገና አልነቃችም አሉ። እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

እህቴ በጎኗ ተኝታለች። በጨርቅ የተጠቀለሉ የሙቅ ውኃ ጠርሙሶች እግሯ ሥር አሉ። ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። አቶ ዑቅባይ ጎኗ ተቀምጠው የእጇን ትርታ በጣታቸው ይዘዋል፤ ዓይናቸውን ከደረቷ አያነሡም።

«ድምፅህን ታውቀዋለች» አሉኝ። «አናግራት።»

«ምን ልበላት?»

«ገጣሚ ነህ አሉ አይደል?»

በዓለም ላይ ካለው ቃል ሁሉ በቃሌ የቀረችው ያቺው ስንኝ ብቻ ሆነች። ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ አልኳት። ደገምኳት። ጦሳ ደመና ነው፣ ገጀረት ግን ፀሐይ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ድምፄ ሊዘጋ ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ውሸት ነው» አለች። ቆየችና ደግሞ፦ «ይበርዳል።»

አቶ ዑቅባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ብርዱ ከተሰማት መጥታለች» አሉና ጋቢውን ከወንበሩ አንሥተው ደረቡላት። ያ ጋቢ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ከዚያ በኋላም አልሄዱም። ሌላ ሰው ይተካቸዋል ብዬ ነበር፤ ስሟን በደንብ እስክትናገር፣ ልጇን እስክትጠይቅ ድረስ እጇን እንደያዙ ቆዩ።

ወደ ሻሂ ቤት አብሬያቸው ስወርድ ነገሩን አስረዱኝ፤ ሻሂውንም የጋበዙት እሳቸው ናቸው። «ሰው ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል» አሉኝ። «ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቅብ ይመጣና ሳንባው ይገባል። እህትህ ባዶ ሆዷን የሆነች መስላኝ ባስተኛኋት ኖሮ ከደሙ ብትተርፍ ከጋዓቱ አትተርፍም። ስላወቅሁ የሆዷ ሽቅብ እንዳይመጣ አንዷ ነርስ አንገቷን ከፊት ተጭናልኝ ቱቦውን ቶሎ ወደ መተንፈሻዋ አስገባሁ። ኋላ ጋዓቱ መጣ። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ግን ተዘግቷል።»

«ለምን ደሙን ጠበቁ?»

«ደም ያጣ ሰው ለጤነኛ የሚሰጠውን እንቅልፍ አይችልም፤ ልቡ ይቆማል። እንቅልፉን ብዙ ካደረግሁት ደግሞ ማሕፀኗ ይላላና ደሙ እንደገና ይፈታል። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ ነው የሚሰጣት። ማስተኛቱ ቀላል ነው ወንድሜ። ሥራው መመለሱ ነው።» ስኳሩን አማሰሉና ጨመሩ፦ «አደይን አትቈጧቸው። እሳቸው ዝም ቢሉ ኖሮ እኔም አላውቅም ነበር።»

ስለዚህ ሰው ግጥም ልጽፍ ሞክሬያለሁ። እስካሁን ቤት አልመታልኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ከሆስፒታል ስንመለስ የአደይ ለተብርሃን በር ተዘግቷል። ሁልጊዜ የሚከፈት በር ነው። ሕፃኗን በጎረቤት በኩል ነው የላኩልን፣ ታጥባ፣ በአዲስ ጨርቅ ተጠቅልላ። ጋሼ መኰንን ልብሱን ሳይቀይር አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ወጣበትና ቅሉን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ። አደይ ለተብርሃን በትንሽ ማንኪያ የወሰዱባት ጉድጓድ ከላዩ ላይ ትታያለች። ጉድጓዷን አያት፤ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ቅሉን ታቅፎ አጥሩን ዞሮ ሄደ። በሩን አንኳኳ።

«አደይ፣ ይሄን ይጨርሱልን» ሲል ሰማሁት። ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ሰኞ

ወደ ሆስፒታሉ ያደረሰን ወልዱ ነው። በማይ ጭሆት በኩል አዙሮ ከተማውን እያሳየኝ ሄደ፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እህቴ ትራስ ተደግፋ ጋሼ ያቀበላትን ልጇን ታጠባ ነበር። ከንፈሯ ቀለም ይዟል። አቶ ዑቅባይ መጥተው ዓይኗን ገልብጠው አዩ፣ በደንብ እንድትተነፍስ አደረጉ፣ እንድትስል አደረጉ። ሊወጡ በሩን ሲከፍቱ ቆም አሉ።

«ውጭ የቆሙት ማን ናቸው?»

አደይ ለተብርሃን ነበሩ። አብረውን መጥተው፣ ከበሩ አልፈው ለመግባት ግን ድፍረት አጥተው፣ በነጠላ የተሸፈነ ነገር ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ይዘዋል አደይ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይሸትም። ያን ቀን ሐቁን ነግረውኝ ዛሬ ሊዋሹኝ ነው?»

አሮጊቷ ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። «ጋዓት ነው ወደይ። ከፈቀድክ ነው እንጂ—»

«ዛሬማ ትብላ። ያን ያህል ደም የፈሰሳት ሰው ካልበላች ማን ሊበላ ነው?» ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። እህቴ እጆቿን ዘረጋች። አደይ ለተብርሃን ሳሕኑን አልጋው ላይ አስቀመጡና «እንቋዕ ማርያም መሓረትኪ ጓለይ» አሏት። ያን ጊዜ የእትዬ ጽጌ መልእክት ትዝ አለኝና እኔም ከማይጨው አደረስኩ። ቅቤው በጋዓቱ መሐል እንደ ትንሽ ኩሬ ተኝቷል፤ ግማሹ የደሴ፣ ግማሹ የማይጨው።

የመጀመሪያውን ማንኪያ አደይ ለተብርሃን ለአቶ ዑቅባይ ዘረጉ። «ጾመኛ ነኝ» አሉ እሳቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ወደ ኮሪደሩ ተመለከቱ። መስቀል የያዙ ቄስ በሽተኞቹን እያሳለሙ ከክፍል ወደ ክፍል ይመጣሉ።

«አራስ አይጾምም» አለ ጋሼ መኰንን ቶሎ ብሎ። ማንም ሳይጠይቀው ነው ያለው።

«ለእሷስ ተፈቅዷል» አሉ አቶ ዑቅባይ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩት እኔን ነበር። «ለዚህ ለገጣሚው ግን አላውቅም።»

ጣቴ ሳሕኑ ውስጥ ነበር።

«እንግዲያው በሩን ልዝጋልህ» አሉና ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ቀስ አድርገው ዘጉት።